አማቹን የዳረ ሰው

አቶ ባንታየሁ በሕይወታቸው ብዙ ድፍረት አይተዋል። ናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በመካኒክነት የኖረ ሰው የማያየው የለም፤ ሞተሩ እየተንፈራፈረ «ግድ የለም፣ ያደርሰኛል» የሚል አብራሪ አይተዋል፣ ጥገናው ሳያልቅ መንገደኛ የሚያሰልፍ ባለንብረት አይተዋል። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳውዝ ሲ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ያህል ደፋር ግን አላጋጠማቸውም።

ሰውየው ሻምበል ረታ ይባላል። በኢትዮጵያ ኤምባሲ በወታደራዊ አታሼው ቢሮ የሚሠራ መኮንን ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም የአቶ ባንታየሁ አንድ ልጅ የሠናይት ባል ነበር። አሁን ተፋተዋል። የመጣው ሽማግሌ ፍለጋ ነው። ሌላ ሴት ሊያገባ አስቧል፤ ሄደው እንዲጠይቁለት የሚለምነው ደግሞ እሳቸውን ነው፣ የቀድሞ ሚስቱን አባት።

አቶ ባንታየሁ ቀልድ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። ረታ አልሳቀም። ኦጋዴን ላይ ሁለት ጣት የጎደለበትን ግራ እጁን በቀኙ ሸፍኖ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ካለፈ ብዙም አልቆየም። ያኔ ናይሮቢ ውስጥ የሚኖረው ሐበሻ ጥቂት ነበር፤ ጥቂት ሰው ደግሞ ወሬ አያባክንም። ከኢስትሊ ሱቆች ተነስቶ ጊጊሪ ቢሮዎች እስኪደርስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ሻምበሉ የፍቺው ቀለም ሳይደርቅ የአቶ ይገዙን ልጅ፣ ነርሷን ጽጌረዳን ሊያገባ ነው ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ ፈረደ። ነገሩ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ ያችን ምስኪን ሠናይትን ያስወጣት ይኸው ነው ተባለ። ይህን ካመኑት ሰዎች ቀዳሚው አቶ ባንታየሁ ነበሩ።

ለማመን ምክንያት ነበራቸው። ትዳሩ ሲናወጥ ሽማግሎች ባልና ሚስቱን በዚሁ ቤት ሳሎን አስቀምጠው ጠይቀዋል። ሠናይት አቀርቅራ ዝም አለች። ረታ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ምን አጠፋህ ቢሉት፣ ማን አሳሳተህ ቢሉት፣ በክፉም በደጉም ቢሞክሩት ከዚያች አንዲት ቃል ሌላ አልወጣውም። የተማረከ ወታደር ስሙንና ማዕረጉን ብቻ ነው የሚናገረው ይባላል፤ እንደዚያ ነበር የሆነባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ባንታየሁ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ነፍገውታል። እጁ ውስጥ የቀረ የመድፍ ፍንጣሪ አመርቅዞበት ሆስፒታል በተኛ ጊዜም ሁሉም ጠይቆት ሲመለስ እሳቸው አልሄዱም።

ረታ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። ወደ ሰሜን ግንባር ተጠርቷል፤ ከመሄዱ በፊት ሊያገባ አለቃውን ኮሎኔሉን አስፈቅዷል። ጽጌረዳም አብራው አገር ቤት ልትገባ ቆርጣለች። የቀረው አባቷ ናቸው። አቶ ይገዙ ደግሞ፣ ጠንቅቆ የሚያውቅህን ሰው ላክ፣ አለዚያ በሬን እንዳታንኳኳ ብለውታል። ረታ አባትም እናትም የለውም፤ አጎቱ ቤት አድጎ በልጅነቱ ወደ ጦር ሠራዊቱ የገባ ሰው ነው።

«አባባ» አለ። ከፍቺውም በኋላ እንደዚያው ነበር የሚጠራቸው፤ ይህም ያናድዳቸው ነበር። «ጓደኞቼን ብልክ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የሚያወሩልኝ። ናይሮቢ ውስጥ ከውስጥ የሚያውቀኝ እርስዎ ነዎት። ቤትዎ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ማዕድዎን በልቻለሁ። ሄደው የሚያውቁትን ይናገሩ። የሚያውቁት መጥፎ ከሆነም መጥፎውን ይናገሩ፤ አልቀየምም።»

አቶ ባንታየሁ ሊያባርሩት አፋቸውን ከፍተው ነበር። የመጨረሻዋ ነገር ግን አቆመቻቸው። የሚጠላውን ሰው ምስክር አድርጎ የሚጠራ ወይ ዓይን አውጣ ነው፣ ወይ ንጹሕ ሰው ነው፤ ረታ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዓመት ዓይን አውጣ ሆኖ አያውቅም። በቁጣቸው መሀል እንደ መንጠቆ የያዛቸው ይኸ ነው። ልጄን ሳልጠይቅ ምንም አልልህም ብለው ሸኙት። ሠናይት እንደምትቆጣ፣ ጉዳዩም በዚያው እንደሚሞት እርግጠኛ ነበሩ።

ሠናይት ዌስትላንድስ በሚገኝ አንድ የውጭ ድርጅት ጸሐፊ ናት። ከፍቺው በኋላ እዚያው አካባቢ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ አባቷ ዘንድ መጥታ ምሳ ታበስላለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ የቤቱ ደንብ ይኸ ነው። አቶ ባንታየሁ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነገሯት፤ ሲነግሯትም ረታን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሰድቡት አላለፉም።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። የጠበቁት ቁጣ አልመጣም። እጇን ታጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ያን ቀን በሽማግሎች ፊት ያልተነገረውን ነገረቻቸው። ፍቺውን የጠየቀችው እሷ ናት። ረታ ከዓመት በፊት ጀምሮ መጠራቱ እንደማይቀር ያውቅ ነበር፤ ሲመጣ አብረን እንሄዳለን ብሎ ነበር የሚያስበው። እሷ ደግሞ አልሄድም አለች። ሥራዋ እዚህ ነው፣ ኑሮዋ እዚህ ነው፣ አባቷ እዚህ ናቸው፤ በየማታው ሬዲዮ እየሰማች የባሏን መርዶ መጠበቅ አትችልም። አንተም ቅር፣ እንደ ስንቱ ጠፍተህ እዚሁ ኑር አለችው። ያሠለጠንኳቸው ልጆች እዚያ ምሽግ ውስጥ ናቸው፣ እኔ እዚህ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም አላት። ብዙ ተነጋገሩበት፤ እሱም እቀራለሁ አላለም፣ እሷም እሄዳለሁ አላለችም።

«በመጨረሻ ፍታኝ አልኩት» አለች። «እሺ አለኝ። ግን ጥፋቱ የኔ ነው ይባል አለ። እኔ ሂያጅ ነኝ፣ አንቺ እዚሁ በሰው መሀል ነው የምትኖሪው፤ ባሏን በጦርነት ጊዜ ጥላው ቀረች ከሚሉሽ እኔን ይስደቡኝ አለኝ። እኔም ፈሪ ነኝ፣ ዝም አልኩ።»

አቶ ባንታየሁ ስለ ነርሷ ጠየቁ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ አንተ አልሄድክም እንጂ» አለች ሠናይት። «ጽጌረዳ ነበረች እጁን የምታጥብለት። እንዴት እንደምታየው ያኔ ነው ያየሁት። እሱ ገና አላያትም ነበር፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ከዚያ በፊት በስምም አይተዋወቁም ነበር።»

አቶ ባንታየሁ መንገድ ላይ የነፈጉትን ሰላምታ ሁሉ አስታወሱና ፊታቸው ጋለ። ቢሆንም አባት ናቸው፤ ወዲያው የታያቸው የአቶ ይገዙ ሳሎን ነው። እዚያ ተቀምጠው ምን ሊሉ ነው? ረታን ለማንጻት ልጃቸውን ሊያሳጡ ነው። ልጃቸውን ሊሸፍኑ ካሉ ደግሞ ረታ እንደ ቆሸሸ ይቀራል፤ ሙሽሪትም አትሰጠውም። ይህን ነገሯት።

«ስሜን ሲሸከምልኝ ቆይቷል፤ ይበቃዋል» አለች። «ተናገር፣ አባዬ። ተራው የኔ ነው።» ተነስታም ሽንኩርቷን ቀጠለች። አባቷ ግን ጀርባዋን እያዩ ብዙ ቆዩ። ልጅ ማሳደግ ብዙ ጊዜ ልፋቱ እንጂ ውጤቱ አይታይም፤ ያን ቀን እሳቸው ታያቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሆነው ኪሌሌሽዋ ወደሚገኘው የአቶ ይገዙ ቤት ሄዱ። አንዱ አቶ ባንታየሁ ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ ከሊፋ፣ ኢስትሊ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አንደበታቸው የታረመ ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው ባለመኪናው ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ከሞያሌ ናይሮቢ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ፣ ልቡ የቀና፣ ነገር ግን የአገሩን ወግ ግማሹን መንገድ ላይ የጣለ ሰው ነው። ስለዚህ አቶ ባንታየሁ መኪና ውስጥ ደጋግመው አስጠነቀቁት። ሽማግሌ የሄደበት ቤት፣ የጠየቀው እሺ ሳይባል፣ ውሃም ቢሆን አይቀምስም። የቀመሰ እንደሆነ ጉዳዩን ትቶታል ማለት ነው። ቶሎሳ በስዋሂሊ «ሃኩና ሺዳ»፣ ችግር የለም፣ እያለ ራሱን ነቀነቀ።

አቶ ይገዙ ጊጊሪ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ኃላፊ ናቸው። ሒሳብ ሲመረምር የኖረ ሰው ሰውንም እንደዚያው ይመረምራል። በር ላይ ሲቀበሏቸው ሁለቱን በአክብሮት ጨበጡ፤ አቶ ባንታየሁ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆመች። እነማን እንደሚመጡ አልተነገራቸውም ነበር።

ሐጂ ከሊፋ ቆመው ምርቃቱንና መግቢያውን አሳምረው፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን መጥተናል ብለው ተናገሩ። አቶ ይገዙ ተቀመጡ ብለው አስቀመጧቸው። በዚህ መሀል ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሰው ሻይ ይዘው ገቡ፤ በወተት የፈላ፣ የናይሮቢ ሻይ። በየሰው ፊት አስቀምጠው ወደ ጓዳ ተመለሱ፤ የጓዳውን በር ግን አልዘጉትም። አቶ ባንታየሁ ዓይናቸውን ከአቶ ይገዙ ፊት ሳይነቅሉ ከጎናቸው ፉት የሚል ድምፅ ሰሙ። ቶሎሳ ስኒውን አጋምሶታል።

አቶ ይገዙ ቀና አሉ። «አቶ ቶሎሳ ጠጥተዋል» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ የማውቀው ወግ፣ ሳይመለስለት የቀመሰ ሽማግሌ ጥያቄውን አንስቷል ነው የሚለው። ወይስ ናይሮቢ ወጉን ቀየረችው?»

ቶሎሳ ስኒውን እንደሚፈነዳ ነገር ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ፣ ጋሼ» አለ። «ቻይ ሲቀርብልኝ እጄ እኔን አይጠይቀኝም።»

ጓዳ ውስጥ የሆነ ሰው ሳቁን አፈነ። ሐጂ ከሊፋ ግን አልተበገሩም፤ ሦስት ሆነን መጥተን ነበር፣ አንዳችን በሻይ ተማረከብን፣ ሁለታችን ገና ደረቅ አፍ ነን፣ እኛን ይስሙን አሉ። አቶ ይገዙ ከንፈራቸውን ገጥመው ፈገግታቸውን ዋጡት። ነገሩን ግን አልተዉትም፤ ወደ አቶ ባንታየሁ ዞሩ።

«ጋሽ ባንታየሁ፣ እርስዎን እዚህ አያለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ልጅዎን የፈታ ሰው ነው። ሰው የሚለውን እርስዎም ሰምተዋል፣ እኔም ሰምቻለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የሻምበሉ ነገር ብቻ አይደለም። ትዳር ያፈረሰችው ልጄ ከሆነች ልወቀው። ለምን ተፋቱ? ከእርስዎ አፍ ልስማ።»

አቶ ባንታየሁ ቤታቸው ሆነው ያዘጋጁት ንግግር ነበር። ጠፋባቸው። በቦታው የመጣችላቸው አንዲት ቀላል ቃል ናት፤ «አልተስማሙም» የምትል። ይህችን ቢሉ ማንም አይቀየማቸውም። ሐጂ ከሊፋ ይደግፏቸዋል፣ የሠናይት ስም አይነሳም፣ ክብራቸው እንደ ተጠበቀ ይመለሳሉ። ረታ ግን ያንን ጭቃ ለብሶ ግንባር ይወርዳል፤ ጓዳ ሆና የምትሰማው ጽጌረዳም የሰው ባል ቀማች እንደተባለች ትቀራለች። ፊታቸው ያለው ሻይ እንፋሎቱ ይታያቸዋል፤ አልነኩትም።

«አቶ ይገዙ» አሉ በመጨረሻ፣ «ረታ ልጄን አልፈታም። ልጄ ናት ፍታኝ ያለችው። አገር ቤት መጠራቱ እንደማይቀር ሲታወቅ አልሄድም አለች፤ የፈራችውን ስለማውቅ አልፈርድባትም። እሱ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ለምን ቢሉት አልተነፈሰም። እሷ እዚህ ሰው መሀል ስለምትኖር ስሟ እንዳይነሳ ብሎ ነው። ልጄን ንጹሕ አድርጎ መለሰልኝ፤ ጭቃውን ራሱ ተቀባ። እኔም እውነት መስሎኝ ስሰድበው ከረምኩ። ልጅዎን ያወቃት ከዚያ ወዲያ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቶ። ጽጌረዳ የማንንም ትዳር አላፈረሰችም።»

አቶ ይገዙ ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ተጠጉ። «ይህን በሰው ፊት እንዲናገሩ ማን ፈቀደልዎት?»

«ራሷ ሠናይት።»

ከጓዳ የሚሰማው የዕቃ ድምፅ ቆመ። አቶ ይገዙ መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ወልውለው ሲጨርሱ እንደገና ወለወሉት። ሲናገሩ ያ የመርማሪ ድምፃቸው ተለይቷቸው ነበር።

«እሺ፣ ሰውየው ደህና ሰው ነው» አሉ። «ደህና ሰውም ይሞታል። ልጄን ይዟት የሚሄደው ጦርነት ወዳለበት ነው። እሱ ቢወድቅ እሷ በማን እጅ ትቀራለች? ዘመድ የለው፣ ወገን የለው።»

አቶ ባንታየሁ ለዚህ አልተዘጋጁም ነበር። ለማሰብም አልቆዩም።

«ለልጃችን ብለን ነው የጠየቅነዎት፤ ለወግ ያህል ያልነው አይደለም» አሉ። «እሱ ልጄ ከሆነ ጽጌረዳ ምራቴ ናት። ያሉት ክፉ ነገር ቢመጣ ቤቴ ቤቷ ነው፣ ሠናይትም እህቷ ናት። ዋሱ እኔ ነኝ።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረባቸው፤ ሊያስተካክሉትም አልሞከሩም። «ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ አቶ ይገዙ። ሌላ ሴት ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ እርስዎ ቤት አያዩኝም ነበር። ለራሴ ነበር የማስቀረው።»

ሐጂ ከሊፋ እንኳን፣ ቃል ጠፍቷቸው የማያውቁት ሰው፣ መሬት መሬቱን አዩ። ቶሎሳ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። አቶ ይገዙ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ አስካሪው፣ የግቢው ዘበኛ፣ በሩ ላይ ቆሞ ከጎረቤት ሠራተኛ ጋር ሲያወራ በማየት ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር። ተመልሰው ሲመጡ አልተቀመጡም። የአቶ ባንታየሁን ስኒ በጣታቸው ነካ አድርገው አዩት።

«ጥሩሰው» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ፣ «ይህ ሻይ ቀዝቅዟል። ለጋሽ ባንታየሁ ትኩስ አምጪ። ለሐጂም።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፤ «ለአቶ ቶሎሳም ይደገምለት፣ የመጀመሪያው አልተቆጠረበትም።»

ወይዘሮ ጥሩሰው ማንቆርቆሪያውን ይዘው ለመምጣት ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ በሩ ጀርባ ይዘውት ቆመው ኖሯል። ሲቀዱ ዓይናቸው ከአቶ ባንታየሁ ፊት ስላልተነቀለ ስኒው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

አመሻሹ ላይ ቶሎሳ አቶ ባንታየሁን ቤታቸው አደረሳቸው። ሠናይት የግቢውን በር ከፍታ ቆማለች። ቀኑ እሁድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከሥራ በቀጥታ እዚያ መጥታ ስትጠብቅ እንደቆየች ከጫማዋ ያስታውቅ ነበር፤ የቢሮ ጫማዋን አልለወጠችም። አባቷ ከመኪና እስኪወርዱ አልታገሠችም።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«አንድም አላስቀረሁም። ነገ ስምሽ በየቤቱ ይነሳል፣ ልጄ።»

«ይነሳ። እነሱ ምን አሉ?»

አቶ ባንታየሁ ኮፍያቸውን አወለቁ። በመንገድ ሁሉ እንዴት እንደሚነግሯት ሲያስቡ ነበር የመጡት፤ ረጅም ነገር አዘጋጅተው ነበር።

«ሻይ ጠጣን» አሏት።

ሠናይት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ እጇን አነሳችና፣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ የፈታችው ባሏ ሚስት እንዲያገባ ስለተፈቀደለት እልል አለች። በወዲያኛው ቤት የሚኖሩት ሕንዶች ምን እንደሆነ ለማየት መስኮታቸውን ከፈቱ።